ማይኤስኪውኤል 5.7፦ በኮማ ለተጻፈ ኩዌሪ አይራራም

ኮምቦልቻ ላለ የማሾና የጤፍ መጋዘን የሒሳብ ፕሮግራሙን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲስ ሳዛውር፣ ማይኤስኪውኤልን (ዳታውን በሰንጠረዥ የሚያስቀምጠውን ዳታቤዝ) ከስሪት 4.1 ወደ 5.7 ነው ያዘለልኩት። ዳታው ያለ ችግር ገባ። የዱቤ ሪፖርቱ ግን «ኤረር 1054» ብሎ ቀጥ አለ፤ ደንበኛ.ቁጥር የሚባል ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) አላውቅም ይላል። ኮለሙ እኮ እዚያው ሰንጠረዡ ላይ አለ! ባለመጋዘኑ ሀጂ ከኋላዬ ቆመው «ዱቤው ጠፋ እንዴ ልጄ?» አሉ። «አብሽሩ ሀጂ፣ ዱቤውስ አለ፤ ሪፖርቱ ነው እምቢ ያለው።»

ፕሮግራሙን ድሮ የሠራው ሰው ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) «ፍሮም ደንበኛ፣ ሽያጭ ሌፍት ጆይን ክፍያ» ብሎ ጽፎ፣ ኦን (የጆይኑ ማገናኛ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ ክፍያን ከደንበኛ ጋር ያገናኛል። ኮማም ጆይንም ሰንጠረዦችን ያጣምራሉ፤ ያኔ በቅደም ተከተል እኩል ስለነበሩ ከግራ ተነስቶ ደንበኛና ሽያጭን ያጣምር ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.0.12 ወዲህ ግን በኤስኪውኤል ደንብ መሠረት ጆይን ይቀድማል። ሽያጭና ክፍያ ለብቻቸው ይጋጠማሉ፤ ኦኑም ከኮማው ማዶ ያለውን ደንበኛ አያየውም። ኮማውን አጥፍቼ ጆይን አደረግኩት፣ ዌር (ማጣሪያው) ስር የነበረውን ማገናኛ ወደ ኦን አመጣሁ፤ አለቀ። ደንበኛና ሽያጭን ቅንፍ ውስጥ ማድረግም ይሠራል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ቀጥሎ የሚነካው ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው ያነሳዋል።

የባሰው ኤረር የማይሰጠው ነው። የመጋዘን ዝርዝሩ በዩዚንግ (ሰንጠረዦችን በጋራ ኮለማቸው ስም በሚያጣምረው) ተገናኝቶ ሁሉንም ኮለም በኮከብ ምልክት (*) ይጠራል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያነበው በተራ ቁጥር ነው። አዲሱ ደንብ የጋራውን ኮለም አንዴ ብቻ፣ ያውም ከፊት ስለሚያመጣው ተራው ተዛነፈ፤ «ኩንታል» በሚለው ስር የማሾ ዋጋ ቁጭ ብሏል። ሀጂ ባያዩት ኖሮ እንዲሁ ይታተም ነበር። ለዚህ ዳታቤዙን አልወቅስም፤ በተራ ቁጥር ማንበብ ድሮም ደግ ሥራ አይደለም። የኮለሞቹን ስም አንድ በአንድ ዘረዘርኳቸው።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። በሁለት ሰንጠረዥ ላይ ያለን የኮለም ስም ያለ ሰንጠረዡ ስም ስትጠራው በግምት አይሄድም፤ «ኤረር 1052» ብሎ የትኛውን እንደሆነ ለይ ይልሃል፤ ይህን ወድጄለታለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለ1054 መልእክት ነው። «ኮለሙ አለ፣ ከዚህ ቦታ ግን አይታይም» ቢል ኖሮ ስንት የፊደል ስህተት ፍለጋ ይቀርልኝ ነበር።