በቴሌግራም በክፍል በክፍል ወይስ ቀጥታ በመጽሐፍ?

በራሱ ወጪ የሚያሳትም የልብ አንጠልጣይና የምናባዊ (አስማት ያለበት ዓለም የሚተርክ) ልብ ወለድ ደራሲ ሥራውን ለአንባቢ የሚያደርስበት ሁለት መንገድ አለው፤ በቴሌግራም በክፍል በክፍል መልቀቅ፣ ወይም አሳትሞ ለመደብርና ለአዟሪ መስጠት። ልዩነታቸው በደንብ የሚታየው ከባድ ሂስ ሲመጣ ነው።

ቴሌግራም ላይ ሂሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ርኅራኄ። አንድ መልእክት ክፍተቱን ጨምሮ 4,096 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ምዕራፉ ተቆራርጦ ይለጠፋል። ለልብ አንጠልጣይ ይህ ይመቻል፦ መርማሪው የበሩን እጀታ እንደያዘ ክፍሉ ያበቃል፣ አንባቢም «ቀጣዩ መቼ ነው?» ይላል። «ገዳዩን ክፍል ሦስት ላይ አውቄዋለሁ» ብሎ የሚያጣጥል ቢመጣ ያማል፤ ሆኖም ገና ያልተለጠፈውን ማስተካከል ይቻላል። ምናባዊው ግን እዚህ ይጎዳል። አስማቱ የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉ እስኪገለጥ ብዙ ገጽ ይፈጃል። በመሃል «ይሄ ምን ዝባዝንኬ ነው!» የሚል ድምፅ ከተነሣ ታሪኩ በእግሩ ሳይቆም ይወድቃል።

መጽሐፍ ሙሉውን ይዞ ስለሚቀርብ ሃያሲም የሚፈርደው በሙሉው ላይ ነው። ችግሩ ገንዘቡ ነው፦ የወረቀቱና የማተሚያው ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሏል፣ ስህተቱም እስከ ሁለተኛ እትም አይታረምም። ረቂቁን አስቀድሞ ለአርታኢና ለማይራሩ ጥቂት አንባቢዎች መስጠት ግድ ነው።

እኔ ብሆን ልብ አንጠልጣዩን በቴሌግራም፣ ምናባዊውን በመጽሐፍ አወጣለሁ። በሁለቱም ለተሳደበ መልስ አልጽፍም፤ ገጽ ጠቅሶ የተቸኝን ግን አመሰግናለሁ፣ እርማቱንም እሠራለሁ።