የልጄን ኤቲቪ ላስተካከለልን የሆጤ መካኒክ ምስጋናዬ ይድረሰው፣ ለናንተም ጥቆማ ነው

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚሰራ አንድ ወንድማችን አለ፣ እሱን በሰው ፊት ላመሰግነውና ለሌላውም ልጠቁም ብዬ ነው የምጽፈው። ስሜን አታንሺ ስላለኝ ስሙን አልጽፍም፣ ቦታውን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርግልኝ እነግረዋለሁ። በተለይ ለልጃችሁ የቻይናዋን ትንሿን ኤቲቪ፣ ባለ አራት ጎማዋን ማለቴ ነው፣ የገዛችሁ ወይ ከውጭ የተላከላችሁ ሰዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ይረዝማል ግን የሚጠቅም ነገር አለበት።

ሞተሯ 110 ሲሲ ናት። ከዱባይ ለእህቴ ልጆች ነበር የተላከችው፣ ኮምቦልቻ ሲነዷት ከርመው እነሱ ሲረዝሙባት ለኔ ልጅ ደረሰችው፣ እሱ አሁን 12ኛ ዓመቱን ይዟል። በአይሱዙ ተጭና የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች፣ ከዛ ወዲያ ጤና የላትም። ጠዋት አትነሳም፣ ብትነሳም ነዳጅ ሲሰጣት ትንተፋተፍና እልም ትላለች፣ ጥቁር ጭስ ነው የምትተፋው፣ ግቢው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንድ ጋራዥ ወሰድናት፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ሰውየው አንዲት ቡሎን ሳይፈታ "ፒስተንና ፋሻ ጨርሳለች ሞተሯ መውረድ አለበት" አለና (ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበት ነው) የጠራብን ዋጋ ሌላ ሁለተኛ እጅ ሊገዛ ምንም አይቀረው። ልጄ ያን ቀን እራት አልበላም።

የሆጤውን መካኒክ የጠቆመኝ የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፣ በሩ ላይ ሁሌ ባጃጅ ተገትሮ ታያላችሁ። ሞተሯ ገና ሳትወርድ "እታለም፣ ይቺ የት ነበረች? እዛ እያለችስ እንዲህ ታደርግ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ኮምቦልቻ እያለች ደህና ነበረች ስለው ፈገግ አለ። ካንዴላውን፣ እሳት የምትሰጠዋን ማለቴ ነው፣ ፈትቶ ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየን፣ ጫፉ ጥቁር ነው፣ በጣቱ ጠረግ ሲያደርገው ደረቅ ጥላሸት ወጣ። ፋሻ ቢሆን ኖሮ እርጥብ ዘይት ይታይበት ነበር፣ ይሄ ግን ደረቅ ነው፣ የቤንዚን መብዛት ነው አለኝ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ደፍኖ ልጄን "ሞተሪኖውን ምታ" አለው፣ አየሩ ጣቱን ገፍቶ ብን አደረገው። "ይኸው ኮምፕሬሽን አላት፣ ፒስተኗን ማንም አይንካባችሁ።" ወላሂ ያን ጊዜ ነው የልጄ ፊት የበራው።

ምክንያቱን ደግሞ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ሐረጎን ስንወጣ ጆሯችን የሚደፈነው ለዚህ ነው። ደሴ ላይ ያለው አየር በባህር ወለል ደረጃ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ እንደ አዳዲሶቹ መኪኖች ሴንሰር የለውም፣ አየሩ ሳሳ ብሎ ቤንዚኑን አይቀንስም፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለውን ያህል ዝም ብሎ ያፈሳል፣ የተረፈው ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ኮምቦልቻም ቢሆን ትንሽ ይበዛባት ነበር፣ ደሴ ስትመጣ ባሰባት። እኔ እዚህ ተወልጄ እዚህ ነው ያደግኩት፣ ከፍታው ለሰው እንጂ ለሞተር ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግን ይሄን ሁሉ ካስረዳን በኋላ ካርቡሬተሩን አልነካም። መጀመሪያ ፍሬን ነው፣ መቆሟን ሳላይ አላስነሳትም አለ። እኔ እሱን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

የኋላው ፍሬን ባለ ዲስክ ነው፣ በዘይት የሚሰራ። ማንሻውን ሲጨብጡት ዝልፍልፍ ብሎ እስከ እጀታው ድረስ ይገባል፣ አየር ገብቶበት ነው፣ ዘይቱም ጠቁሯል። አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ዶት 4 እየሞላ ልጄን ማንሻው ላይ አስቀምጦ "ጨብጥ፣ ያዝ፣ አትልቀቅ፣ አሁን ልቀቅ" እያለ አየሩን በቀጭን ቱቦ አስወጣው፣ ልጄ እጁ እስኪዝል አረፋው የሚጠፋበትን እየጠበቀ ቆጥሮ ሰራ። የፊቶቹ በገመድ የሚሰሩ የከበሮ ፍሬኖች ናቸው፣ አንዱ ቀድሞ ስለሚይዝ መሪውን ወደ ጎን ይጎትት ነበር፣ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው።

ከዛ የኋላውን ጎማ የያዘውን ትልቁን ዳዶ አየና ዝም አለ። ዳዶው እንዳይፈታ መሀሉ የምታልፍ ኮፒሊያ የምትባል ነገር አለች፣ የኛ ላይ በሷ ቦታ የተጣመመ የቆርቆሮ ሚስማር ነበር የገባው፣ ያውም ዝጎ ግማሹ ተበልቷል። በፒንሳ መዞ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ይሄ ቢቆረጥ ዳዶው እየተፈታ ይሄዳል፣ ልጁ ላይዋ እያለ ጎማው ይወጣል አለኝ። ያችን ሚስማር አይቼ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ፒስተን ይቀየር ያለው ጋራዥ ይሄን አላየም። ይሄ መካኒክ ትክክለኛዋን ኮፒሊያ አስገብቶ፣ በዛው የመሪውንና የፊት እግሮቿን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀ፣ በንዝረት የሚላላውን ደግሞ የቡሎን ማጣበቂያ አስነክቶ መለሰው። ልጄ "ቻይና ስለሆነች ነው አይደል የምትበላሸው?" ሲለው "ሞተሯ የሆንዳ ከብ ቅጂ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የቆጠቡት ቡሎኑና ገመዱ ላይ ነው፣ አንተ እሱን ከተከታተልክ ትቆይሃለች" አለው። እውነት ነው፣ ሆንዳ ያችን ከብ የምትባል ትንሽ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሲሰራት ኖሮ ከ100 ሚሊዮን በላይ አምርቷል፣ አቀማመጡን የቀዱት የቻይና ሞተሮች ብዙ ስለሆኑ ካንዴላውንም ጋስኬቱንም ማግኘት ብዙ አያስቸግርም።

ካርቡሬተሩን ያኔ ነው የፈታው። ከስር ያለችውን ሳህን ሲገለብጣት የቆየ ቤንዚን ቢጫ ሙጫ ሆኖ ስሩ ላይ ተጋግሯል። ቀዳዳዎቹን በመርፌ አልጎረጎረም፣ መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል ብሎ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዞ በሷ አጸዳቸውና በኮምፕሬሰር ነፋቸው። ዋናውን ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ጄት ጠበብ ባለች ቀየራት፣ ከአሮጌ ካርቡሬተር የሰበሰባቸው በአንድ ጣሳ ሙሉ አሉት። ከላይ ያለችውን የካርቡሬተሩን መርፌ ደግሞ ክሊፗን አንድ ደረጃ ወደ ላይ አውጥቶ ዝቅ አደረጋት፣ ቤንዚኑ እንዲቀንስ ማለት ነው። የአየር ፊልትሮዋ ስፖንጅ ናት፣ በአቧራ ተደፍናለች፣ አዲስ ግዙ አላለኝም፣ በሳሙና አጥቦ አድርቆ ትንሽ ዘይት አስነክቶ መለሳት።

ሞተሯን ደግሞ እሱ ጋ አሳድሯት ነበር፣ ምክንያቱም ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት ስንሄድ ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ መለኪያዋን ስስ ብረት አስያዘው፣ 0.05 ሚሊሜትር ናት፣ የደብተር ወረቀት ውፍረት ግማሽ ቢሆን ነው፣ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ሰተት ብላም ሳትገባ ተጨናንቃም ሳትቀር ትንሽ ያዝ እያረገች ማለፍ አለባት። ልጄ "ያዝ አረገኝ" ሲል "በቃ እሷ ናት" አለውና ዳዶዋን አሰረ። ከዛ አስነሱ ሲለን አንዴ ተመታች፣ ተነሳች። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ሚኒሞዋ ላይ ቁጭ ብላ ትሰራለች። አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ይሄም ሆኖ አልለቀቀንም። ጎማዎቹን ጎሚስታ እንደ ባጃጅ ጎማ ወጥሮ ነፍቷቸው ነበር፣ የኤቲቪ ጎማ ግን ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው የሚይዙት፣ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል እዩት፣ ከተወጠረ ጠጠር በነካ ቁጥር ትዘላለች ልጁን ትጥላለች። ጎማውን አስተንፍሶ በትንሽ መለኪያ አስተካከለው። ከኋላ ደግሞ ስትሳብ ሞተሩን የምታጠፋ ገመድ አለች፣ ወላጅ ይዟት ከኋላ የሚከተላት ማለት ነው፣ የሷን ሽቦ አንድ ሰው ቆርጦ ቀጥታ አገናኝቶት ኖሮ አሁን እንደገና አሰራት፣ አስነስቶ እኔን "ሳቢ" አለኝ፣ ሳብኩ፣ ቀጥ አለች። በአውራ ጣት የሚገፋው ነዳጅ መስጫ ላይም አንዲት ቪቴ አለች፣ እሷ ስትጠብቅ ልጁ የፈለገውን ያህል ቢገፋ ከተወሰነ ፍጥነት አያልፍም። እሷን አጥብቆ "አንተ ፍሬን መያዝ ስትለምድ ትመጣና አላላልሃለሁ፣ ራስህ እንዳትነካት" አለው፣ ልጄም "እሺ ጋሼ" አለ። እኔ ብለው ኖሮ ሙሉ ቀን ይከራከረኝ ነበር።

አስፋልት ላይ እንዳይነዳት የነገረንም እሱ ነው፣ ለምን እንደሆነም ነገረን። እነዚህ ርካሾቹ ዲፈረንሻል የላቸውም፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ አክስል ታስረው እኩል ነው የሚዞሩት፣ ስትታጠፍ አንዱ ጎማ ትንሽ መንሸራተት አለበት፣ አፈርና ሳር ላይ ይንሸራተታል፣ አስፋልት ላይ ግን አንቆ ይይዛትና ልትገለብጠው ትችላለች። የደሴን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፣ የመኪናውን ነገር ትታችሁት ማለት ነው። ስለዚህ የምንወስደው ቦሩ ሜዳ አያቶቹ ጋ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሄልሜት አድርጎ ብቻውን፣ ትንሿን እህቱን ከኋላ ሳይጭን፣ እኔ ወይ አባቱ እያየነው።

እቤት የምናደርገውንም ለልጄ ነው ያስረከበው ለኔ አይደለም፣ ልጄም እንደ ትልቅ ሰው ይከታተለዋል። ነድቶ ሲጨርስ የቤንዚን መዝጊያዋን ዘግቶ ሞተሯ ራሷ እስክትጠፋ ይተዋታል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ቆይቶ ሙጫ እንዳይሆን። ሳይነሳ በፊት ፍሬኑን ይጨብጣል፣ ኮፒሊያዋን ያያል፣ ካቴናው መሀሉን በጣት ሲገፋ ወደ 2 ሳንቲሜትር መላላት አለበት፣ ከበለጠ ይነግረኛል። ዘይቷ አንድ ሊትር አይሞላም፣ ግን የሞተር ሳይክል ዘይት መሆን አለበት፣ ፍሪሲዮኑ የሚሰራው እዛው ዘይት ውስጥ ስለሆነ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም መሰለኝ፣ ባለ ሱቁም የመኪናውን ነበር ሊሰጠኝ የነበረው።

ዋጋውን በተመለከተ ያኛው ጋራዥ ከጠራብን ሲሶውን እንኳ አልሞላም። የተቀየረውን አሮጌ እቃ በፌስታል ቋጥሮ አስረከበኝ፣ ሚስማሯም አለችበት። ጨምሬ ልሰጠው ብል እምቢ አለ፣ ይልቅ ሌላ ልጅ ያለው ሰው ካየሽ ፍሬኗን ያሳይ በይልኝ አለኝ፣ ይሄው እያልኩለት ነው። ወንድሜ አላህ እጅህን ይባርከው፣ ሪዝቅህን ያስፋው፣ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። ልጄን ሰው አድርገህ አናግረኸው አስተምረኸዋልና እሱም በየቀኑ ያነሳሃል።

ለምትሄዱት፣ ቅዳሜ ባጃጆች ስለሚበዙበት በሌላ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ነድታችሁ ሳይሆን ጭናችሁ ወይ ገፍታችሁ አድርሷት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቫልቩን በዛው ቀን ያይላችኋል። ቁልፏን አትርሱ፣ ከተቻለም ልጁን ይዛችሁት ሂዱ፣ ብዙውን ነገር የሚያሳየው ለሱ ነው።