ሞራ፣ ቢኬ2 ወይስ የባሌስትራ ቢላ? ለጅማ ዝናብና ለቡና ማሳ የትኛው ይሻላል

ክረምቱን ሙሉ ሦስት ቢላ ይዤ ነው የከረምኩት። አንዱ አዲሱ ነው፣ ሞራ ኮምፓኒየን ሚባለው የስዊድን ቢላ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ። ሁለተኛው ጓደኛዬ ያዋሰኝ የአሜሪካኑ ካ-ባር ቤከር ቢኬ2 ነው። ሦስተኛው ደሞ እዚሁ ጅማ ከመኪና ባሌስትራ ያሰራሁት የራሴ ቢላ፣ አራት አመት አብሮኝ የኖረ። ሦስቱም የማይታጠፉ ናቸው፣ ምክንያቱም የሚታጠፍ ቢላ ለማሳ ስራ አልሆነኝም፣ ማጠፊያው ውስጥ ጭቃና የቡና ገለፈት ይገባና ትንሽ ቆይቶ ይላላል፣ የላላ ቢላ ደሞ ጣት ላይ ነው ሚታጠፈው።

ብዙ ሰው ቢላ ሲመርጥ መጀመሪያ ውፍረቱን ነው ሚያየው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። አሁን ግን እኛ ጋ ቀድሞ መታየት ያለበት ዝገቱና እቤት ባለ ድንጋይ መሳል መቻሉ ነው ብዬ ነው ማምነው። ጅማ በአመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ልብስ እንኳን በቅጡ አይደርቅም፣ ስለዚህ እዚህ ብረት ዋና ጠላቱ እንጨት ሳይሆን እርጥበት ነው።

የዝገቱን ነገር አስቤበት አልነበረም የሞከርኩት፣ በአጋጣሚ ነው። ነሐሴ ላይ ከማና በኩል ካለችን ማሳ በዝናብ ተመልሼ ሦስቱንም በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ረሳኋቸው፣ ሁለት ሌሊት አደሩ። ስፈታው የባሌስትራው ጎን በሙሉ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ እጀታው ስር ያለችው ስንጥቅ ደሞ ጭራሽ ቀልታለች። ቢኬ2 ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ገላው ደህና ነው፣ ግን ቀለሙ የማይደርስበት ስለቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካንማ መስመር ተሰምሮበታል። ሞራው ላይ ምንም የለም፣ በጨርቅ ጠርጌው ወደ አፎቱ መለስኩት። ምስጢሩ ብረቱ ውስጥ ነው፣ የኔው ሞራ 12ሲ27 ከሚባል ስቴይንለስ የተሰራ ነው፣ ወደ 13.5 ፐርሰንት ክሮሚየም አለው፣ ዝገትን የሚከለክለው እሱ ነው። ቢኬ2 ግን 1095 ክሮ-ቫን የሚባል የካርቦን ብረት ነው፣ ጠንካራና ጥሩ ብረት ነው ግን ካልጠረጉት ይዝጋል። አደራ፣ ሞራ ኮምፓኒየን በካርቦን ብረትም ይሰራል፣ መልኩ አንድ አይነት ስለሆነ ስታስመጡ ስቴይንለሱን ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩ።

ካርቦን ብረት ሌላም ጣጣ አለው፣ ሎሚ ወይ ሽንኩርት ስትቆርጡበት ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕምም ምግቡ ላይ ይተዋል። ማሳ ላይ ምሳ ሚበላ ሰው አቮካዶውን በዛው ቢላ ነው ሚሰነጥቀው እኮ።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። ቢኬ2 የስለቱ ርዝመት 13 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው፣ ውፍረቱ ግን ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ብረቱም እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ አንድ ወጥ ነው። እርጥብ የዋንዛ ጉማጅ ላይ አቁሜው ጀርባውን በዱላ ስመታው እንደ ሽብልቅ ነው ከፍቶት የወረደው፣ እዚህ ላይ ማንም አይደርስበትም። ሞራ 10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም፣ ስለዚህ በዱላ እየመታችሁ ጉማጅ አትፍለጡበት፣ ለጭራሮና ለቀጫጭን እንጨት ግን ይበቃል። ያው ኩባንያ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሄቪ ዲዩቲ ሚባልም አለው፣ ስራው ከበድ ለሚልበት ሰው እሱን ነው ምመክረው።

ግን አስቡት፣ እኛ ጋ ማን ነው እንጨት በቢላ የሚፈልጠው? የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲወርድ ገጀራ አለ፣ ጉማጅ ሲፈለጥ መጥረቢያ አለ፣ ሁለቱም ከቢኬ2 ርካሽና ለስራው የተሻሉ ናቸው። ቢላ ሚፈለገው ለቀረው ነው፣ የቃጫ ገመድ ለመቁረጥ፣ የጆንያ አፍ ለመፍታት፣ ችካል ለማሾል፣ የኮባ ቅጠል ለማውረድ፣ የመኮትኮቻ እጀታ ሲወልቅ ለመጥረብ፣ በግ ሲታረድ ለመግፈፍ። እዚህ ስራ ላይ ግማሽ ኪሎ ብረት ወገብ ላይ ይዞ መዋል ድካም ነው፣ ወፍራም ስለት ደሞ ቆዳና ስጋ መሀል ሲገባ ይገፋል እንጂ አይሰነጥቅም። ሞራ ከነአፎቱ 116 ግራም ገደማ ነው፣ ወገቤ ላይ እንዳለ እየረሳሁት እተኛ ነበር፣ እጀታው ላይ ያለችው ጎማም እጅ ሲረጥብ አታንሸራትትም። ቢኬ2 ይዤ ከግማሽ ሰአት በላይ እንጨት ስጠርብበት የእጄ አንጓ ደከመ።

አሳሳሉን በቅርብ ላሳያችሁ። ሞራ ስለቱ ላይ ከጎን በኩል አንድ ሰፊ ተዳፋት አለው፣ ድንጋዩ ላይ ስታስተኙትና በሌባ ጣት ጫን ስትሉት ተዳፋቱ ራሱ ልክ ቁጭ ይላል፣ ማዕዘን መገመት የለም፣ ወዲህ አስር ጊዜ ወዲያ አስር ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ክንድ ላይ ስትሞክሩት ፀጉር ይላጫል። ስሎ የማያውቅ ሰው እንኳን በአንድ ቀን ይለምደዋል። ቢኬ2 ግን ከላይ ያለው ውፍረት ወደታች ይቀጥንና ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ተዳፋት አለው፣ ያቺን ትንሿን ማዕዘን እጅ ራሱ መጠበቅ አለበት፣ ትንሽ ካዘነበላችሁ ትከሻውን፣ ማለትም ትንሿ ተዳፋት የምትጀምርበትን ጠርዝ፣ እየሳላችሁ ስለቱን አትነኩትም። ጓደኛዬ ሁለት አመት ሙሉ «ይሄ ቢላ አይሳልም» ሲለኝ የነበረው ለዚህ ነው።

የባሌስትራውን ነገር ግን ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። የባሌስትራ ብረት ለሞላ (ስፕሪንግ) ተብሎ የተሰራ ነው፣ ይታጠፋል ይመለሳል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፣ በሞራው ብር ደሞ እኔ ባሰራሁበት ዋጋ ሦስት ቢላ ይሰራል። ችግሩ ሁሉ ነገር ሰሪው እጅ ላይ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያሰራሁት ቢላ የፍየል መገጣጠሚያ ላይ ሳሳርፈው ስለቱ እንደ ጥርስ ተቦረፈ፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ሌላ ሽማግሌ ባለሙያ ጋ ወስጄ ሳሳያቸው ዳሰስ አደረጉትና «ልጄ፣ ይሄ እሳትም ዘይትም አይቷል፣ ግን ሁለተኛ እሳት አላየም» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ብረቱ ቀልቶ ዘይት ውስጥ ሲነከር በጣም ይጠነክራል ግን እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ ከዛ መልሶ ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ መሞቅ አለበት፣ ያኔ ነው ጥንካሬው ሳይጠፋ መሰበሩ የሚቀረው። ብዙ ሰው ይቺን ሁለተኛዋን ሙቀት ይዘላታል። አሁን ያለኝን ቢላ የሰሩልኝ እኚሁ ጋሼ ናቸው፣ አራት አመት ሙሉ አንድም ቦታ አልተቦረፈም።

ስታሰሩ ሳትከፍሉ በፊት ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ስለቱ አጠገብ ገፋ አድርጉት፣ ሞረዱ እንደ ሚስማር በቀላሉ ከበላው አልጠነከረም ማለት ነው፣ ጭራሽ ሳይነክስ እንደ መስታወት ካንሸራተተው ደሞ ሁለተኛ ሙቀት አላገኘ ይሆናል፣ ጠይቁ። ጥሩው በመሀል ነው፣ ሞረዱ ትንሽ ነከስ ያደርግና እንቢ ይላል።

እንግዲህ እኔ ብሆን፣ ማሳ ለሚውልና ቢላ ጠርጎ ለማስቀመጥ ጊዜ ለሌለው ሰው ስቴይንለሱን ሞራ ነው ምለው፣ አይኔን አላሽም። ከውጭ ሚያመጣለት ሰው ከሌለ ወይ ብሩ ካልበቃ ጥሩ እጅ ያለው ባለሙያ ፈልጎ ከባሌስትራ ያሰራ፣ ግን ወፍራም አድርጉልኝ አይበል፣ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ የኔው 5 ነው፣ ዛሬ ባሰራ ኖሮ አቀጥነው ነበር። ቢኬ2 ጫካ ውስጥ ለሚያድርና አንድ ብረት ብቻ ይዞ መንቀሳቀስ ለሚፈልግ ሰው ነው፣ ለምሳሌ ወደ በለጠ ጌራ ጫካ ለስራ ገብቶ ቀናት ለሚቆይ፣ እዛ መጥረቢያ መሸከም ከባድ ነው።

የባሌስትራ ወይ ሌላ የካርቦን ቢላ ያላችሁ በክረምት የቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩት፣ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያድራል። ጠርጋችሁ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና ውጪ ስቀሉት፣ የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፣ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የሞራው አፎት ፕላስቲክ ነው፣ ታች ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው፣ እሷ በጭቃ ከተደፈነች በክብሪት እንጨት ክፈቷት። ከውጭ ለምታስመጡ ደሞ ለሚያመጣላችሁ ሰው ቀድማችሁ ንገሩት፣ አውሮፕላን ስር በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ስለቱን በካርቶን ጠቅልሎ ይክተተው፣ በእጅ ሻንጣ ከያዘው ፍተሻ ላይ ነው ሚቀረው።