ልጆቻችንን ለሚያውሉልን እናት ምስጋና፣ ለሚሠሩ አባቶች ጥቆማ

በደሴ ከተማ፣ በቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ በራሳቸው ቤት የሦስት ቤተሰብ ልጆችን ተቀብለው የሚያውሉ አንዲት እናት አሉ። ሴት ልጄ መራመድ ከጀመረች ወዲህ የምትውለው እሳቸው ጋ ነው፤ ታላቅ ወንድሟም ከአፀደ ሕፃናት ሲለቀቅ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም፤ ምስጋናውን ግን ሊከለክሉኝ አልቻሉም። ልጁን የሚያስይዝበት ያጣ፣ ቢያገኝም ደመወዙ ያልበቃው አባት ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ስላሰብኩ፣ ከምስጋናው ጋር የተስማማንበትን አሠራርም በዝርዝር አቀርባለሁ።

የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቷ ዝውውር ምክንያት ሌላ ከተማ ስለምትሠራ፣ በአዘቦት ቀናት ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም መንገዱ የሐረጎን ቁልቁለት የሚይዝ ነው፤ በክረምት ጉሙ ሲጫነው ደግሞ ሚኒባሱ በእግር ከሚሄድ ሰው እምብዛም አይፈጥንም። ስለዚህ በሰዓቱ ሥራ ለመግባት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ከቤት መውጣት አለብኝ፤ ማታም ከ12 ሰዓት በፊት ደሴ አልደርስም። የጠየቅኋቸው የሕፃናት ማቆያዎች በሙሉ ከዚህ ሰዓት ዘግይተው የሚከፈቱና ቀድመው የሚዘጉ ነበሩ። አንዱ ማቆያ ጭራሽ «እናትየዋ ትምጣና ትመዝግብ» ብሎ መልሶኛል።

ሕጉም ቢሆን ለአባት ብዙ አላሰበም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን ማቆያው የታሰበው ለሴት ሠራተኞች ነበር። እኛን የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሲፈቅድ ለአባት የሚፈቅደው 3 ቀን ነው። አምጣ የወለደችው እናት ናትና ስለ ልዩነቱ ቅሬታ የለኝም፤ ከ3ቱ ቀናት በኋላ ልጅ የሚይዝ አባት ሊኖር እንደሚችል ግን ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ትዝ ያላቸው አይመስልም።

የቀረው መንገድ አዳሪ ሠራተኛ መቅጠር ነበር። እዚህ ላይ ሰው በግልጽ የማይነጋገርበት ችግር አለ። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ያለች ወንድ ለቤቱ አዳሪ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ጨዋ የሆነች ሴት አትመጣም፤ እሷ ብትፈቅድ እንኳ ቤተሰቦቿ አይፈቅዱም። በደላላ በኩል ያነጋገርኳት አንዲት ልምድ ያላት ሴት ስለ ልጆቹ ሁሉንም ነገር ከጠየቀችኝ በኋላ «ማታ ማን አለ?» አለችኝ፤ እኔ ብቻ መሆኔን ስነግራት ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። አልተቀየምኳትም። እህቴ ብትሆን እኔም ሌላ ምክር አልሰጣትም ነበር። በዚህ ምክንያት የሚቀሩት ሌላ ምርጫ የሌላቸው ብቻ ይሆናሉ፤ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር አዲስ የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። ደላላው በመጨረሻ ያመጣልኝ ልጅ ራሷ ገና ሞግዚት የሚያስፈልጋት ነበረች። ዕድሜዋን 18 ብሎ አስጠንቷታል፤ ስትናገር ግን የምታየው እኔን ሳይሆን እሱን ነበር። አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ቢተወውም፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የሚከለክለው ሐሳብ በቤት ውስጥ ሲሆን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የልጄን ሰላም በሌላ ሰው ልጅ ትምህርት ልገዛ ስላልፈለግሁ ለመሳፈሪያዋ ሰጥቼ፣ በዕድሜ ጠና ካለች የአገሯ ልጅ ጋር ወደ ቤተሰቦቿ እንድትመለስ አደረግሁ።

ስለ እኚህ እናት የነገረኝ በሚኒባስ አብሮኝ የሚመላለስ ሌላ አባት ነው። የእሱ ልጅ እሳቸው ጋ ይውል ነበርና «ሠራተኛ ወደ ቤትህ ከምታመጣ ልጆችህን ወደ እሳቸው ቤት ውሰድ» አለኝ። ነገሩ ሁሉ የተፈታው በዚህ ነው። ልጆቹ ሰው በሞላበት፣ ጎረቤት በሚወጣበትና በሚገባበት ግቢ ይውላሉ፤ ማንም ሴት የአንድ ወንድ ቤት ውስጥ ማደር አይጠበቅባትም፤ ወጪውም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይወድቅም።

መጀመሪያ ሄጄ ሳነጋግራቸው ስለ ክፍያ ከመነጋገራችን በፊት ያሉኝ «አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ፤ ከአምስት በላይ አልይዝም፤ እጄ ሁለት ነው» የሚል ነበር። ከዚያም ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን እንደማይቀበሉ፣ የታመመ ልጅ ከሌሎቹ ጋር እንደማያውሉ፣ ወላጅ ግን ሳያስታውቅ በፈለገበት ሰዓት መምጣት እንደሚችል ነገሩኝ። በዚህ በመጨረሻው ፈቃድ ተጠቅሜ የፋብሪካው ሥራ በተቋረጠበት አንድ ቀን ቀትር ላይ ድንገት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለቱ ሕፃናት መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ሌላው ልጅ ከጎናቸው ተቀምጦ ምስር ይለቅማል፤ ማለትም ምስሩን ከአንዱ ሰፌድ ወደ ሌላው ያፈሳል። የየልጁ ኩባያ ጆሮው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሮበታል። አንዱ ሳል ቢይዘው ለሌላው እንዳያጋባ ያደረጉት ነው፤ ልጆቹም የራሳቸውን ክር ስለሚያውቁት በስህተት የሌላውን ብታቀብሏቸው አይቀበሉም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ እሳት የማይፈልግ የለም። የብዙዎቻችን ልማድ ከሰሉን አቀጣጥሎ ምድጃውን ወደ ክፍል አስገብቶ በሩን መዝጋት ነው። እሳቸው ይህን በፍጹም አያደርጉም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል፤ ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ቀድሞ ይጎዳል። ምድጃቸው ሁልጊዜ የሚቀመጠው በረንዳ ላይ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ነው፤ ልጆቹን የሚያሞቁት በጋቢና በትኩስ አጥሚት ነው።

ስለ ምግቡም ልጨምር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ከሦስቱ ቤተሰቦች ሁለታችን ክርስቲያኖች ነን። በወሎ ይህ እንደ ወሬ የሚነሳ ነገር አይደለም፤ የሥጋው ጉዳይ ግን አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት በኋላ ያስተዛዝባል። ስለዚህ በእሳቸው ቤት ለልጆች ሥጋ አይሠራም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ገንፎና የሰፈሩ አትክልት አለ፤ ሥጋ እያንዳንዱ ልጅ በየቤቱ ይበላል። በረመዳን እሳቸው ጾመው ለልጆቹ ይሠራሉ፤ እኛም በዚያ ወር ከመግሪብ በፊት ልጆቻችንን ለመውሰድ እንሯሯጣለን፤ ያልቻለው ጎረቤቱን ይልካል። ሶላት ላይ ሲሆኑ ልጆቹን የምታየው የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ናት፤ እሷም ትምህርት ቤት ከሆነች አንዲት ጎረቤታቸው ይመጣሉ። ለፍትሐዊነት ያህል አንድ ቅሬታ መናገር አለብኝ፤ ሻይ ላይ ስኳር ያበዛሉ። ብናገርም፣ ባስጠነቅቅም፣ ልጄ ቤት ስትመጣ የእኔን ሻይ ቀምሳ ፊቷን ማጨማደዷን አልተወችም።

መድኃኒት ሲሆን ግን ቀልድ የለም። ወላጁ መጠኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ ካልሰጣቸው ሽሮፕ አይሰጡም፤ በቃል የተነገራቸውን አይቀበሉም። ወረቀቱን ልጃቸው አንብባላቸው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝና «አብሽር ልጄ፣ ልጅህ ደኅና ናት፤ ግን እያስመለሳትና እያስቀመጣት ነውና ቀደም ብለህ ውጣ» አሉኝ። የሐረጎን ዳገት ስወጣ የነበረውን ጭንቀት ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ስደርስ ልጄ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ከማንኪያ በትንሽ በትንሹ እየጠጣች ነበር። ከጤና ጣቢያ አምጥተው ያስቀመጡትን አንዱን የኦአርኤስ (ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ዱቄት) ከረጢት በሙሉ በአንድ ሊትር አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ በጥብጠው፣ በየጥቂት ደቂቃው ማንኪያ ማንኪያ ይሰጧታል። ብዙ ሰው ከረጢቱን ከፍሎ በብርጭቆ ውሃ ይበጠብጣል፤ እንዲህ ሲሆን ልኩ ይዛባል፤ ከበዛም ከሚጠቅመው ይልቅ ይጎዳል። የተረፈውን በማግስቱ ልንሰጣት ስናስብ፣ የተበጠበጠ ኦአርኤስ ከ24 ሰዓት በላይ እንደማይቆይ አስታውሰው ያስደፉን እሳቸው ናቸው። ጤና ጣቢያ ወስጃት የመረመራት ባለሙያ ልጅቷ ፈሳሽ እንዳልጎደላት ሲነግረኝ፣ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ አውቄ ነበር።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ክፍያው ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፤ በአደባባይ የተጻፈ ዋጋ ለእሳቸው ጣሪያ ይሆንባቸዋል፤ ኑሮው ሲጨምር መጨመር አለባቸው። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ሦስታችን እያንዳንዳችን የምናዋጣው ደላላው ለአንዲት አዳሪ ሠራተኛ ይጠይቀን ከነበረው ግማሽ ያህሉን ሲሆን፣ እኔ ሁለት ልጆች ስላሉኝ ጥቂት እጨምራለሁ። በመሆኑም እኛ ግማሽ ስንከፍል እሳቸው አንዲት አዳሪ ሠራተኛ ከምታገኘው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያገኛሉ። የሚከፈለው ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ልጅ ቢቀርም አይቀነስም። ይህን ነጥብ መጀመሪያ ላይ አንዳችን አንስተን ተከራክረንበታል፤ እሳቸው ግን የልጁ ቦታ የተያዘ መሆኑን፣ በእሱ ምትክ ሌላ ልጅ እንደማይቀበሉ ሲያስረዱ መልስ አጣን። ወላጅ ከማታው 1 ሰዓት በላይ ከዘገየ ትርፍ ይከፍላል። እሑድ፣ በሁለቱ ዒዶች፣ እንዲሁም ከባድ ለቅሶ ሲያጋጥማቸው አይሠሩም፤ ለእነዚያ ቀናት እኛ ሦስታችን በተራ ከሥራ ፈቃድ እንወስዳለን። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፈን፣ አንዳንድ ቅጂ ይዘን፣ ሁለት ምስክሮች አስፈርመንበታል። ወረቀቱ እስካሁን ከመሳቢያ አልወጣም፤ ቢሆንም አስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ያልተጻፈ ስምምነት የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ደካማውን ወገን ነውና።

ርካሽ ልጅ ያዥ ፈልጋችሁ ወደ እሳቸው የምትሄዱ ካላችሁ አትድከሙ፤ ብዙ ሆናችሁ ለአንዲት ባለሙያ በሚገባ ለመክፈል ከተስማማችሁ ግን ለሁላችሁም የሚበቃ አሠራር ነው። እሳቸው ጋ አሁን ያለው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ ከእሳቸው ጋር ሠርታ የተማረች የወንድማቸው ሚስት በበርበሬ ወንዝ አካባቢ በቤቷ ልጆችን መቀበል ጀምራለች፤ የማታ ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆችን ልጆች ለማሳደር ግን ገና አልወሰነችም። ሁለቱንም በአካል አውቃቸዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሰው አስቀድሜ እነሱን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ጎረቤቶቻቸውን ጠይቁ፤ ቀትር ላይም ሳትደውሉ ሂዱ። ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ የክትባት ካርዱን አትርሱ፤ የ9 ወሩንና ዕድሜው ከደረሰም የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ሳያዩ ልጁን ከበር አያስገቡትም።