አፈር ሲደርቅ በራሱ የሚያጠጣ ፕሮጀክት ለያዛችሁ፦ ጋሼን እወቋቸው

አዲስ አበባ ያላችሁ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ በሴንሰር የሚሠራ የአትክልት ማጠጫ ከሆነ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እኛ ጋሼ የምንላቸውን የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አማክሩ። ሠርተው አይሰጧችሁም፤ በእጃችሁ ያሠሯችኋል። ምስጋናችንም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሚያዩት ሴንሰሩን ነው። ርካሹ ባለ ሁለት ሹካ እርጥብ አፈር ውስጥ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካገኘ ሽፋኑ ይበላና ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ ብረቱ አፈሩን የማይነካውን፣ ካፓሲቲቭ የሚባለውን ሴንሰር ያስገዛሉ። እሱም በጠርዙ ውሃ ስለሚመጥ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ የጥፍር ቀለም ያስቀቡታል፤ ገመዱ የሚሰካበት ጫፍ ከአፈር በላይ ይቀራል።

ልኬቱን የምታስተካክሉት በምትተክሉበት አፈር ነው፤ አንዱ ጣሳ ደረቅ፣ ሌላው ውሃ የጠገበ። ካፓሲቲቩ ሲርስ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ይህን ሳያውቅ ኮድ የጻፈ እርጥቡን ሲያጠጣ ያድራል። የአቃቂና የቢሾፍቱ ዓይነት ጥቁር አፈር ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሴንሰሩ ጎን ከወጣ የምታነቡት የአየሩን ነው። ጋሼ አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠቅጠቅ ሲያደርጉት ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ሲወርድ ታያላችሁ።

ፓምፑ ሲነሳ ኮዱን የጫናችሁበት ቦርድ ሪሴት ካደረገ (ጠፍቶ እንደገና ከተነሳ) ኮዱን አትጠርጥሩ። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሲጠፋ ደግሞ ከሞተሩ የሽቦ ጥቅል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይመለሳል። መድኃኒቱ ፓምፑ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ (ከተገለበጠ ሾርት ነው)፣ ለቦርዱም የራሱ ቮልቴጅ መቀነሻ። መቀነሻውን ከቦርዱ ጋር ሳታገናኙ በቴስተር 5 ቮልት ላይ አስተካክሉት።

ብዙዎቹ ሪሌዎች (ፓምፑን በቦርዱ ትእዛዝ የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች) የሚነሱት ሲግናሉ ዜሮ ሲሆን ስለሆነ፣ ሪሌው የተያያዘበትን የቦርዱን ፒን አውትፑት (ሲግናል አውጪ) ከማድረጋችሁ በፊት በኮዱ ሃይ አድርጉት። አለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓምፑ ብልጭ ይላል። ማስነሻና ማጥፊያውንም አንድ ቁጥር ላይ አታድርጉ፤ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን ቢነሳ በ45 ይጥፋ። ውሃው እስኪሰርግ ጊዜ ስለሚፈልግ 20 ሰከንድ አጠጥታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁና ለኩ።

ስትሄዱ ከማሳችሁ ሁለት ኪሎ ያህል አፈር በፌስታል ያዙ፤ ባዶ እጁን የመጣን ተማሪ ለአፈሩ ይመልሱታል። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እንልካለን።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!