ቴስታታ ለማስዘጋት መርካቶ ያለችውን ቶርኖ ቤት ሞከርኳት

ዋናውን አስቀድሜ ልበል። ጅማ ውስጥ የቆየ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ብረት) ሥር ዘይት የሚያለቅስባችሁ ወይም ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥርባችሁ ካላችሁ፣ ሄርማታ መርካቶ ያለችው ትንሽዬ ቶርኖ ቤት፣ ማለት ብረት በማሽን እያዞሩ የሚቀርጹባት፣ ሂዱ። ታፔላ የላትም። "ቶርኖ የሚሠሩት ሽማግሌ የት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም ሕፃን ያሳያችኋል። ቅሬታም አለኝ፣ እሱን ወደ ታች እጽፋለሁ።

ሞተሬ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ነው። አባቴ ግብርና ቢሮ ሲሠራ የሚነዳው ነበር፣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው እሱው ገዛው፣ ከሱ ደግሞ ወደ እኔ መጣ። ባለፈው ክረምት ወደ ዴዶ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እንኳ አልሄድ አለኝ። ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ሦስት ሰው ጭኖ አልፎኝ ሄደ፣ ይሄን መቼም አልረሳውም። ቆሜ ሳየው ቴስታታውና ሲሊንደሩ የሚገጥሙበት መስመር ጥቁር ሆኗል። ቤት ስደርስ የሳሙና ውሃ መስመሩ ላይ አፈሰስኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ተንፈቀፈቀ። በቃ፣ በሁለቱ መሐል ገብቶ ጋዝና ዘይት የሚይዘው ስስ መዝጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ሄዷል ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ጓርኒሲዮን የሚሉት እሱ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ጋራዥ ነው፣ ስሙን አልጽፍም። ልጁ በግማሽ ቀን ጨርሶ መለሰልኝ፣ እኔም ጎበዝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ እንደገና ያው መንፈቅፈቅ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከላይ ቀጭን የብረት መንቋቋት ጨመረበት።

ሽማግሌው ጋ ወስጄ ሲከፈት ነው ጉዱ የወጣው። ሁለት ጋስኬት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል፣ መሐላቸው ቀይ ሲሊኮን ተለቅልቋል። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩት። "ልጄ፣ ይሄ የመስኮት ሥራ ነው እንጂ የሞተር አይደለም" አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከተማችን ውስጥ ሁሉ ነገር በሲሊኮን የሚዘጋ የሚመስላቸው መካኒኮች ብዙ ናቸው። ሲሊኮን ለዘይት ክዳን፣ ለጎን ሽፋን፣ ለመሳሰለው ይሆናል። ቴስታታ ላይ ግን ያለው የሚቃጠል ጋዝ ነው፣ ሲሊኮን ግፊቱንም ሙቀቱንም አይችለውም። ይባስ ብሎ ዳዶው ሲጠበቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይቆረጥና ከዘይቱ ጋር ይሄዳል። የኔ ሆንዳ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ቴስታታው ውስጥ ነው፣ ዘይት ወደ እሱ የሚወጣው በአንዱ ቡሎን ዙሪያ ባለ ክፍተት ነው። ካምሻፍቱ ደግሞ ኩሽኔታ የለውም፣ በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ነው የሚዞረው። ዘይት ካልደረሰው አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ጋስኬት መቀየር ሳይሆን ቴስታታ ፍለጋ ነው ሥራችሁ። መንቋቋቱ እሱ ነበር። የሲሊኮን ቁራጭ ከዘይት ቀዳዳው በሽቦ ሲያወጡት ዓይኔ አየ፣ የምስር ፍሬ ታክላለች። እግዜር ይስጠውና ካምሻፍቱ የተቀመጠበት ቦታ ተጭሯል እንጂ አልተበላም።

መደረቡም ያው ነው። የኔ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ላይ ጋስኬቱን 1 ሚሊሜትር ብታወፍሩት ከፒስተኑ በላይ ያለው ቦታ ወደ 2.5 ሲሲ ያድጋል። መላው ሞተር 124 ሲሲ ነው፣ ስለዚህ 2.5 ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ቤንዚኑ የሚታመቀው በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለሆነ ጉልበቱ ወዲያው ይወርዳል። ካምሻፍቱን የሚያዞረው የካም ሰንሰለትም ቴስታታው ከፍ ሲል ይሳባል፣ የቫልቮቹ መክፈቻ ሰዓት ትንሽ ይዘገያል። ልጁ "ድርብ ይበልጥ ይዘጋል" ብሎ ነው፣ ለክፋት አይመስለኝም።

ወደ ሥራው። ሽማግሌው ጥግ ላይ ባለች ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ወፍራም መስታወት አስቀምጠዋል፣ ማሽን የምትሏት እሷው ናት። ቫልቮቹ ከወጡ በኋላ የቴስታታውን ፊት በማርከር አሰመሩት፣ መስታወቱ ላይ ውሃ የማይጎዳው ሳንድ ፔፐር አነጠፉ፣ ቴስታታውን ገልብጠው ክብ ክብ እያደረጉ ጥቂት ጊዜ አሹት። አንስተው አሳዩኝ። ከካንዴላው በኩል ማርከሩ ጠፍቷል፣ ማርሚታው በሚገባበት በኩል ግን እንዳለ አለ። ማለት እዚያ ጋ ጎድጉዷል። ቀጥ ያለ ብረት አጋድመው ክፍተት በሚለኩባቸው ስስ ብረቶች፣ በፊለር ጌጅ፣ ለኩት፣ 0.15 ሚሊሜትሯ ሽው ብላ አለፈች። ከ0.10 በላይ ከሆነ የትኛውንም ጋስኬት ብትጨምሩበት ከጊዜ በኋላ ይተፋል አሉኝ። እኔ ሳላየው ስንት ዓመት ጋስኬት ስቀያይር ኖሬያለሁ! ችግሩ ጋስኬቱ ሳይሆን የሚቀመጥበት ፊት ነበር።

ሌላም ነገር አሳዩኝ። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አለች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የምትሄድ። የሆነ ሰው ቴስታታው ሲያጣብቅበት በካቻቪቴ ፈንቅሎ ነው የከፈተው። ይሄን አታድርጉ፣ አታስደርጉ። በፕላስቲክ መዶሻ ጎኑን ቀስ እያሉ ነው የሚነቅሉት። ጭረቷ እስክትጠፋ ማሸት ብዙ ብረት ስለሚወስድ፣ ፊቱ እኩል እስኪሆን ብቻ አሹና አቆሙ። ከዚያ በቤንዚን አጥበው በአየር ነፉት፣ የአሸዋ ዱቄት ካምሻፍቱ ጋ ከቀረ ያው ሞት ነው።

ጋስኬት ላይ ሦስት አማራጭ አቀረቡልኝ። አንደኛው ከሱቅ የሚገዛው፣ ሲሊንደሩ ቀዳዳ ዙሪያ የብረት ቀለበት ያለው የቻይና። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ኦርጂናል፣ ግን መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ሦስተኛው እሳቸው በእጃቸው ከመዳብ የሚቆርጡት። እኔ በመዳቡ ጓጓሁ፣ ደስ ይላል፣ ያበራል። አልመከሩኝም! መዳብ ለያማሃ ዲቲ ነው አሉ፣ ያ ሁለት ምት ነው፣ ቴስታታው ውስጥ የዘይት መንገድ የለውም፣ መዝጋት ያለበት ጋዝ ብቻ ነው። የኔ ግን የዘይት ቀዳዳም የሰንሰለት መተላለፊያም አለው፣ መዳብ ጋዙን ቢዘጋ ዘይቱን ያስለቅሳል። እያወራን እያለ አንድ የዲቲ ባለቤት መጣና መዳቡን ሲያግሉለት አየሁ። በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለው ውሃ ውስጥ ጣሉት። እኔ ይጠነክራል ብዬ ነበር፣ ብረት እንደዚያ ነው። መዳብ ግን ተቃራኒ ነው፣ ከጋለ በኋላ ውሃ ገባም አልገባም ይለሰልሳል፣ በጣት ይታጠፋል። ሲጨመቅ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ይጋላል። ሊሸጡልኝ ሲችሉ አይሆንህም ያሉኝ ሰው፣ ለኔ ከዚህ በላይ ግምገማ የለም።

ቻይናውን ወሰድኩ፣ 400 ብር። ለማሸቱና ለመግጠሙ 700 ብር ከፈልኩ። ጋስኬቱ ላይ ምንም አልተቀባም፣ ደረቁን ነው የገባው። ሁለቱ የማስተካከያ ፒኖችና ዘይት ቀዳዳው ላይ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ቀለበት በቦታቸው መኖራቸውን ሁለት ጊዜ አዩ፣ ከፒኖቹ አንዷ አልነበረችም፣ በቶርኖ አወጡልኝ። የታችኛው ቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ዘይት እንዳይቀር ነፉት፣ ዘይት የተጠራቀመበት ቀዳዳ ቡሎኑ ሲገባ ስለሚገፋ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ክዳን ያላቸውን ዳዶዎች ከመዳብ ሮንዴላቸው ጋር የዘይቱ መንገድ ባለበት ቡሎን ላይ መለሱ። አጥብቅ ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። "ሱታ፣ ሱታ" (በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ) እያሉ፣ አንድ ዳዶ ትንሽ፣ ከዚያ በሰያፍ ተቃራኒው፣ ሦስት ዙር፣ የጎን ትንንሽ ቡሎኖች መጨረሻ።

አሁን ቅሬታው። ሽማግሌው የቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን የሚለካው ቶርክ ሬንች) የላቸውም፣ "እጄ ያውቃል" ነው መልሳቸው። እጃቸው ያውቃል፣ አልክድም፣ ግን የመጨረሻውን ዙር እሳቸው ጨርሰውት ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ቶርክ ሬንች ሳስገባ ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ ላልቶ ተገኘ። ሳቁና አስተካከልኩት። ሌላው ቀጠሮ ነው። ማክሰኞ ና ብለውኝ ሐሙስ ሄድኩ፣ ሐሙስ ገበያ ነው ተባለ፣ ቅዳሜ ነው ያገኘኋቸው። ደረሰኝ የለም። መብራት ከሄደ ቶርኖ የለም፣ ቁጭ ብላችሁ ቡና መጠጣት ነው፣ ቡናው ግን ጥሩ ነው።

ስንነሳ የቫልቭ ማስተካከያውን ክዳን ከፍተን ዘይቱ እስከ ላይ መድረሱን አየን። መንቋቋቱ አሁንም ትንሽ አለ፣ ያው ካምሻፍቱ የተቀመጠበት ቦታ ጭረት ነው። ቴስታታው ግን ደረቅ ነው። ዴዶን ሦስት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለቴ በዝናብ። የሞቀው ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን አንዴ ደግሜ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱ ጥቂት ዞረ። ቶርክ ሬንቹን ጓደኛዬ ወስዶታል። ጅማ ውስጥ የሚያከራይ ወይም የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።