ፋይሏ «የጠፋ» ቪትዝ እየተሸጠች ነው፤ ቀብድ እንዳትሰጡ

ሜክሲኮና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ደላሎች የሚያዞሯት አንዲት ብርማ ቪትዝ አለች። ዋጋዋ ከገበያው ወረድ ያለ ነው፣ ቀለሟ ያብለጨልጫል፣ ሊብሬም (የባለቤትነት ደብተር) አላት። የሌላት መኪና የሚመዘግበው ቅርንጫፍ የሚያስቀምጠው ፋይሏ ነው። «ቅርንጫፍ ስትቀይር ጠፍቶ ነው፣ በሳምንት ይወጣል» ይሏችኋል። ለእህቴ ባል ብለን መካኒክ ይዘን አይተናታል።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በኬኤስፒ 90 ይጀምራል። ኬኤስፒ 90 ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ፣ አንድ ሊትሩ 1ኬአር ሞተር ነው ያላት። መካኒካችን ኮፈኑን ከፍቶ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ የሆኑትን ኮይሎች ቆጠረ፤ አራት ናቸው፣ ሞተሩ የሷ አይደለም ማለት ነው። ደላላው «ያው ቶዮታ ነው» አለን። ሞተር መቀየሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ግን ለውጡ ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ፋይሉ ደግሞ ጠፍቷል።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞርን። ምንጣፉን አንስተን የስኮርታ ጎማውን ስናወጣ ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ብየዳ አለ፣ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለን ከኋላ በር በላይ ስናስጠጋው አልያዘም፤ ብረት ሳይሆን ስቱኮ (መሙያ ልስን) ነው። በመካኒኩ ግምት ፊቷ የአንዷ፣ ኋላዋ የሌላዋ ነው። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ መዞሩን አልቆጥረውም፣ የስንቱ ቪትዝ ዞሯል።

ሰው ለምን እንዲህ ይደክማል አትበሉ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ውድ ሆነ፤ ሁለት የተጋጩ መኪኖች አንድ ሆነው ቢሸጡ ያዋጣል።

ስለ ፋይሉ ግን ደግሜ ልበል። ሊብሬ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። መኪናዋ በየትኛው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እንደገባች፣ ከቀረጥ ነፃ ገብታ ቀረጥ ይጠበቅባት እንደሆነ፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ይኑርባት አይኑርባት የሚታየው ከፋይሉ ነው። እግድ ካለባት ስም አይዞርላችሁም፣ ብሩ ግን ከእጃችሁ ወጥቷል። ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን በውክልና የሚሸጥ ከሆነ (የዚችኛዋ እንዲያ ነው) ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን አጣሩ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ እናንተ ከወራሾች ጋር ትቀራላችሁ።

ቀብድ ላይ በጣም ያጣድፋሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የተወ እጥፉን ይመልሳል። ቀብዱን ከእናንተ የተቀበለው ሰው ካልተገኘ እጥፉን ከማን ትጠይቃላችሁ? ስለዚህ መጀመሪያ ፋይል፣ ቀጥሎ በአካሏ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በእጃችሁ ዳስሳችሁ ከፋይሉ ጋር ማመሳከር፣ ብር መጨረሻ። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ስር ይገኛል፤ ዙሪያው ተሞርዶ ወይም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁት ውጡ።

«ፋይሉ ተገኝቷል» ብለው ከደወሉም ካፌ አትቀጣጠሩ፤ ፋይሉ ያለበት ቅርንጫፍ መስኮቱ ጋ እንገናኝ በሏቸው። እኛ ይህን ስንል ደላላው ሌላ ገዢ አለኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።